የጣና ዳርቻ ነገደ ወይጦ፦ ስለ አመጣጣቸው የተባለውና ስለ ዳርቻቸው የሚታወቀው

ዓባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት በባሕር ዳር፣ ከዚያም ወደ ሰሜን በፎገራና በደንቢያ ረግረግ ዳር፣ ደንገል አጭደው ታንኳ የሚሠሩ፣ ዓሣ የሚያጠምዱና በአንድ ዘመን ጉማሬ ያድኑ የነበሩ ጥቂት ሰዎች ይኖራሉ። ጎረቤቶቻቸው ወይጦ ይሏቸዋል። ስሙ ለረጅም ዘመን ለንቀት ሲውል ስለኖረ ብዙዎቹ ነገደ ወይጦ መባልን ይመርጣሉ። የማኅበረሰቡ ቁጥር ትንሽ ቢሆንም የተጻፈለት ግን ትንሽ አይደለም። ከ1770 ወዲህ መንገደኛው፣ የቋንቋ ሊቁ፣ የባህል ተመራማሪውና የታሪክ ተማሪው በየተራ ብዕሩን አንሥቶለታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁሉ ድካም አብዛኛውን ጊዜ የዋለው ግን በአንድ ጥያቄ ላይ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ከየት መጡ? ማስረጃው እጅግ የሳሳበት ጥያቄ ደግሞ ይኸው ነው። በአንጻሩ ነገደ ወይጦ ከውሃው ጋር እንዴት ኖሩ፣ ዳርቻውስ ከእጃቸው እንዴት እየወጣ ሄደ የሚለው ጥያቄ በቂ ማስረጃ እያለው በየመጽሐፉ የግርጌ ቦታ ተሰጥቶት ቆይቷል። ይህ ዳሰሳ ሁለቱንም ይመለከታል፤ ሚዛኑን የሚያደላው ግን ወደ ሁለተኛው ነው።

አንድ ማደናገሪያ አስቀድሞ ቢነሣ ይሻላል። በደቡብ ኢትዮጵያ ወደ ጨው ባሕር የሚፈስ ወይጦ የሚባል ወንዝ አለ፤ በአካባቢውም የጸማይና የአርቦሬ ሕዝቦች ይኖራሉ። ከጣናዎቹ ጋር የሚያገናኛቸው የስም መመሳሰል ብቻ ነው። አንዳንድ የቋንቋ ዝርዝሮች ሁለቱን ሲያቀላቅሉ ስለሚታይ፣ «የወይጦ ቋንቋ» የሚል ነገር ያነበበ ሰው የትኛው ወይጦ እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

ውሃውና ዳርቻው

ጣና የተፈጠረው ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ቅልጥ ድንጋይ ሸለቆውን በደቡብ በኩል ስለዘጋው ነው። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ጥልቅ በሆነበት ስፍራ እንኳ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። ግልገል ዓባይ ከደቡብ፣ ጉማራና ርብ ከምሥራቅ፣ መገጭ ከሰሜን ይገቡበታል፤ የሚወጣው ግን ዓባይ ብቻ ነው።

የሐይቁን ዳርቻ ሕይወት ለመረዳት ዋናው ነገር ይህ ጠፍጣፋነቱ ነው። ውሃው ከክረምት በኋላ ይሞላል፤ እስከ ግንቦትና ሰኔ ድረስ እየጎደለ ይሄዳል። በከፍተኛውና በዝቅተኛው መካከል ያለው ልዩነት በአማካይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነው። በገደላማ ሐይቅ ይህ ልዩነት ብዙም አይታይም። በፎገራና በደንቢያ ሜዳ ግን ውሃው አንድ ክንድ ሲወርድ ሰፊ መሬት ይገለጣል። ገበሬው ይህን መሬት ባሕር ሸሽ ይለዋል፤ በቀረው እርጥበት ያርሰዋል፣ ከብቱን ያሰማራበታል። ስለዚህ የጣና ዳርቻ ቋሚ መስመር የለውም። በዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ የዓሣ መራቢያ፣ አንድ ጊዜ የደንገል ማጨጃ፣ አንድ ጊዜ እርሻ የሚሆን ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ነው።

ነገደ ወይጦ የኖሩት በዚህ ቀበቶ ላይ ነው። በርስት ሥርዓት ዘመን መሬት የትውልድ መብት ነበረ። እነሱ በዚያ ሥርዓት ውስጥ ባለ ርስት ሆነው አልተቆጠሩም። ውሃው፣ ደንገሉና ጉማሬው ግን የማንም ርስት አልነበሩም። ገበሬው የማይፈልገውን፣ መነኩሴውም የማይነካውን ነገር ሀብት አድርገው መኖር የቻሉት ለዚህ ነው። ዳርቻው ለሌላው ወገን ጥቅም መስጠት በጀመረበት ጊዜ ሁሉ ደግሞ መጀመሪያ የተገፉት እነሱ ናቸው። ይህ ንድፍ ከዚህ በታች በተለያየ መልክ ይደጋገማል።

የመጀመሪያዎቹ ጽሑፎች

በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሐይቁ ዙሪያ የኖሩ የኢየሱሳውያን ማኅበር መልእክተኞች ስለ ጣና ጉማሬዎችና ከደንገል ስለሚሠራው ታንኳ ጽፈዋል። ይህ የሚያስረዳው ሙያው ቢያንስ አራት መቶ ዓመት ያስቆጠረ መሆኑን ነው። ሙያው የነማን ብቻ እንደነበረ ግን አያረጋግጥም። ታንኳ ዛሬም በሐይቁ ላይ የሚቀዝፈው ወይጦ ብቻ አይደለም፤ የዘጌ ሰውም የደሴት መነኩሴውም ይቀዝፋል። ሥራን ከሕዝብ ጋር አንድ አድርጎ መውሰድ በዚህ ርዕስ ላይ ተደጋግሞ የሚታይ ስሕተት ነው።

ሕዝቡን በስሙ ጠርቶ ብዙዎች የሚጠቅሱትን ቃል የተወልን የስኮትላንዱ መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ነው። በ1770 አካባቢ በጎንደር በነበረበት ጊዜ ወይጦዎች የሚናገሩት ቋንቋ ከሌሎቹ የአገሪቱ ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ሰማ። ንጉሡን ለምኖ ሁለት ሰዎች አስመጣ። ሰዎቹ ግን ለጥያቄው መልስ አልሰጡም፤ እንሰቅላችኋለን ተብለው ሲያስፈራሯቸው እንኳ የተባሉትን የተረዱ አይመስሉም ነበር። ብሩስም አንድ ቃል ሳይመዘግብ ቀረ።

ይህ ታሪክ በአብዛኛው የሚጠቀሰው የቋንቋውን መለየት ለማስረዳት ነው። እኔ ግን ስለ ቋንቋው የሚነግረን ጥቂት፣ ስለ ግንኙነቱ የሚነግረን ብዙ ይመስለኛል። በንጉሥ ትእዛዝ ከዳርቻቸው ተወስደው በስቅላት የሚያስፈራሯቸው ሁለት ሰዎች ዝም ማለታቸው አማርኛ አለመቻላቸውን አያረጋግጥም። ታንኳቸውን፣ ዓሣቸውንና አለንጋቸውን በአማርኛ ተናጋሪ ገበያ የሚሸጡ ሰዎች አማርኛ ጨርሶ አይሰሙም ነበር ማለትም ይከብዳል። ዝምታው መከላከያ ሊሆን ይችል ነበር። ብሩስ ስለ ሌላ ቋንቋ መኖር የሰማውን ነገር መጣል አይገባም፤ የሁለቱን ሰዎች ዝምታ እንደ ማስረጃ መቁጠር ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

የጠፋው ቋንቋ

ከብሩስ በኋላ ያለው የቋንቋው ታሪክ የመጥፋት ታሪክ ነው። ጀርመናዊው የሴም ቋንቋዎች ሊቅ ኦይገን ሚትቮኽ በ1907 ባሳተመው ጽሑፍ ወይጦዎች ሁሉ የሚናገሩት የአማርኛ ዘዬ መሆኑን ገለጸ። ፈረንሳዊው ማርሴል ግርዮል በ1928 ሲያልፍ ያገኘውም ይህንኑ ነው። ግርዮል ግን አንድ ነገር ጨመረ፤ አንድ ወይጦ በጠፋው ቋንቋ ዘፈን ዘፈነ። ዘፋኙ ራሱ ግጥሙን አያውቀውም ነበር። የሚያውቃቸው የጉማሬ ብልቶችን የሚጠሩ ጥቂት ቃላትን ብቻ ነበር፤ እነዚያም በሥራ ላይ ስለቆዩ ነው። ዘፈኑ ግን ሳይመዘገብ ቀረ።

ግርዮል የሰበሰበውን የቃላት ዝርዝር በጥልቀት የመረመረው ማርሴል ኮኸን ነው፤ ውጤቱን በ1939 አወጣ። ትልቁ ክፍል አማርኛ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ውስጥ ብዙዎቹ ሌላ ሰው እንዳይሰማቸው ድምፃቸው ወይም ትርጉማቸው የተጣመመ ነበሩ፤ እንደ ሚስጥር ንግግር ያለ ነገር ነው። ከእስልምና ጋር የተያያዙ ብዙ የዐረብኛ ቃላት ነበሩ። ጥቂት የኩሽ ቃላትም ነበሩ። ሥራቸው ያልታወቀ ሆኖ የቀረው ስድስት ቃል ብቻ ነው፦ ሽልክሪት ለዓሣ ቅርፊት፣ ቅንታት ለክንፍ፣ ጭግምቢት ለወባ ትንኝ፣ አንኔሳ ለትከሻ፣ እንኪየስ ለጉማሬ ጭን፣ ዋዝምስ ለጉማሬ የጀርባ አጥንት። አሜሪካዊው የባህል ተመራማሪ ፍሬድሪክ ጋምስት በ1965 ሲጎበኛቸው ደግሞ ከአደንና ከዓሣ ሥራ ጋር የተያያዘ የራሳቸው ቃል እንኳ አላገኘም።

ከስድስት ቃል ተነሥቶ ቋንቋን መመደብ አይቻልም። ሙከራው ግን አልቆመም። ኮኸን አገውኛ ወይም ከአማርኛ የተለየ ሴማዊ ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል ገመተ። ጋምስት ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አማርኛ ካልተናገሩ አገውኛ መናገር አለባቸው አለ። ሊዮኔል ቤንደርና ባልደረቦቹ በ1976 ወደ ኩሽ አደሉ፤ ቤንደር በ1983 ግን ምሥራቅ ሱዳናዊ ወይም አውንጊ ሊሆን ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሄሪት ዲመንዳል በ1989 ኩሽ ሳይሆን አይቀርም አለ። እነዚህን አቋሞች ጎን ለጎን ሲያዩአቸው አንድ ነገር ይታያል፤ የለያያቸው አዲስ ማስረጃ አይደለም። የጋምስት ክርክር ለምሳሌ የተመሠረተው በቃላቱ ላይ ሳይሆን በአካባቢው ላይ ነው። የጣና ዙሪያ ከአማርኛ በፊት በአብዛኛው የአገው ምድር ስለነበረ የወይጦም ቋንቋ አገውኛ ነበር ይላል። ይህ አሳማኝ ግምት ነው፤ ግምት መሆኑ ግን አይረሳ። በተጨማሪም አገውኛ ቢናገሩ እንኳ ያ ራሱ ከጎረቤት የወረሱት ሁለተኛ ቋንቋ አለመሆኑን የሚያሳይ ነገር የለም። አንድ ጊዜ ወደ አማርኛ የዞረ ሕዝብ ከዚያ በፊትም ዞሮ ሊሆን ይችላል።

ከመመደቡ ይልቅ የበለጠ የሚነግረን እነዚያ ቃላት የቆዩበት ቦታ ነው። ከስድስቱ ሁለቱ የጉማሬ ሥጋ ክፍል ስሞች ናቸው፤ አንዱ የዓሣ ነው። ቋንቋው ከቤትና ከገበያ ከወጣ በኋላም ጥቂት ቆይቶ የኖረው በሥጋ ክፍያ ላይ ነበር። ጉማሬው ሲቀር ቃሉም ቀረ። በ1928ና በ1965 መካከል ምን ተለወጠ ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው በዚያ ሥራ ታሪክ ውስጥ ነው።

ከየት መጡ? ሦስት አቋሞች

ስለ አመጣጣቸው የሚባለው በሦስት ሊከፈል ይችላል።

የመጀመሪያው በማኅበረሰቡ አፍ የሚገኘው ነው። አባቶቻችን ከግብፅ የዓባይን ወንዝ ተከትለው መጡ የሚል ትውፊት አለ። በትውፊቱ ላይ የታንኳው መመሳሰል እንደ ድጋፍ ይጨመራል፤ በጥንታዊት ግብፅ ሥዕሎች ላይ የሚታየው የደንገል ጀልባ ከጣናው ጋር ይመሳሰላልና። ይህን ስሜት ያጠናከረው ደግሞ የኖርዌዩ ቶር ሄየርዳል ነው። በ1969 ራ በተባለችው የደንገል ጀልባ አትላንቲክን ለመሻገር ሲነሣ ደንገሉን ያስመጣው ከጣና ነበር። ይሁን እንጂ ጀልባዋን የሠሩለት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ይህ ዝርዝር የግብፁን ክርክር ያላላዋል። ተመሳሳይ ጀልባ በቻድ ሐይቅ አለ፤ በደቡብ አሜሪካ በቲቲካካ ሐይቅም ከሌላ የቄጠማ ዓይነት ይሠራል። እንጨት በራቀበትና ቄጠማ በሞላበት ውሃ ዳር ሰው ሁሉ ወደዚያው መላ ይደርሳል። የታንኳው ቅርጽ የተክሉን ጠባይ እንጂ የሠሪውን ዘር አይናገርም። ትውፊቱ ራሱ ግን ከዚህ ሌላ ዋጋ አለው። ርስት የሌለው፣ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ዘንድ የተገለለ ሕዝብ ታሪኩን ከወንዙ ጋር አያይዞ መናገሩ የባለቤትነት ቃል ነው። ከመሬቱ ብታወጡንም ከውሃው ጋር የመጣን ነን ማለት ነው።

ሁለተኛው የአውሮፓ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ የወደዱት የቅሪት መላምት ነው። በዚህ አመለካከት ወይጦዎች፣ በኦሮሞ መካከል የሚኖሩት ዋታዎችና በደቡብ ምዕራብ ያሉት ማንጃዎች ሴማውያንና ኩሻውያን ከመስፋፋታቸው በፊት የነበሩ የጥንት አዳኝ ሕዝቦች ቅሪት ናቸው። የኢጣሊያ ሊቃውንት፣ ከእነሱም ኤንሪኮ ቼሩሊ፣ ለዚህ ሐሳብ መስፋፋት አስተዋጽኦ አድርገዋል። መላምቱ የሚያሳስተው አንድ ነገር አለው። ማደንና መገለልን እንደ ጥንታዊነት ምልክት ይቆጥራል፤ እነዚህ ሰዎች በታሪክ ውስጥ ያልተለወጡ ይመስል።

ሦስተኛው ደግሞ ጥያቄውን ራሱን የሚያዞር ነው። መለያየቱን የፈጠረው መምጣት ሳይሆን ማኅበራዊ ሂደት ነው ይላል። ጄምስ ኩዊሪን ስለ ቤተ እስራኤልና ስለ ቅማንት ባደረገው ጥናት የተገለሉ የሙያ ማኅበረሰቦች በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የተፈጠሩት መንግሥቱ ሲስፋፋና መሬት ሲወሰድ መሆኑን አሳይቷል። መሬት ያጣው ቤተ እስራኤል ወደ ብረትና ወደ ሸክላ ሥራ ዞረ፤ ሙያው ደግሞ መልሶ መገለያ ሆነ። አሉላ ፓንክረስትና ዲና ፍሪማን ያዘጋጇቸው ስለ ኢትዮጵያ የተገለሉ ማኅበረሰቦች የሚናገሩ ጥናቶችም የቅሪቱን መላምት በጥርጣሬ ይመለከታሉ። ነገሩ ለወይጦ ሲሠራ የጎንደር መንግሥት መቀመጫውን በጣና አካባቢ ማድረጉ፣ መሬቱ በርስትና በጉልት መያዙ፣ የደሴት ገዳማት መበርከታቸው ዳርቻውን ያለ ርስት ለሚኖሩት አጥብቦት ይሆናል ማለት ይቻላል። ይህ ከአጎራባች ታሪክ የተወሰደ ንጽጽር እንጂ በሰነድ የተረጋገጠ አይደለም። ከሦስቱ ግን ወደፊት ሊፈተን የሚችለው ይህ ብቻ ነው፤ የመሬት ሰነድና የገዳማት መዝገብ አለና።

ሦስቱ አቋሞች የግድ አይጣሉም። ጥንት በዳርቻው የኖረ አዳኝ ሕዝብ በመንግሥት መስፋፋት ምክንያት ይበልጥ ሊገለል ይችላል፤ ራሱን ከወንዙ ጋር የሚያያይዝ ትውፊትም ሊይዝ ይችላል። ክርክሩ የትኛው ይበልጣል ወደሚለው ከመሄዱ በፊት ይህ መለየት አለበት። ከትውልድ ታሪካቸው ጋር በቀጥታ የተያያዘው የአገር ውስጥ ዋና ጥናት የተክለ ሃይማኖት ገብረ ሥላሴ ሥራ ነው፤ በ1984 ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ ያቀረበው የጣና ወይጦዎች የዘር ታሪክ ጽሑፍ። ከዚያ በፊት ኢጣሊያውያን በ1937 በጆቶ ዳይኔሊ መሪነት ወደ ጣና የላኩት የጥናት ቡድን የተወው ሥራ፣ በተለይም ቪኒጂ ግሮታኔሊ ስለ አካባቢው ሕዝቦች የጻፈው፣ የእንግሊዙ ቆንስል ሮበርት ቺዝማንም በ1936 ያሳተመው መጽሐፍ ይጠቀሳሉ። ቺዝማን ለብዙ ዓመታት በአካባቢው የተቀመጠ ቆንስል፣ የዳይኔሊ ቡድን ደግሞ ቅኝ ገዢ የላከው መሆኑ ምን እንደጠየቁና ምን እንዳልጠየቁ ወስኗል።

ጉማሬው፣ እምነቱና መገለሉ

የወይጦ መለያ ሆኖ የኖረው ጉማሬ ነው። በታንኳ ሆነው በጦር ያድኑት ነበር። ሥጋውን ይበላሉ፤ ቆዳው ለአለንጋና ለጋሻ ይሸጣል። ጉማሬ ማደን አደገኛ ሥራ ነው፤ በጋራ ካልሆነ አይሞከርም። በሌላ አገር ቢሆን የጀግና ሙያ ይባል ነበር። በጣና ዙሪያ ግን የመገለል ምክንያት ሆነ።

ነገደ ወይጦ ራሳቸውን ሙስሊሞች ይላሉ። ሌሎች ሙስሊሞች ግን በጉማሬ ሥጋ ምክንያት ለረጅም ጊዜ አልተቀበሏቸውም። ለክርስቲያኑም ጉማሬ ርኩስ ነው። ስለዚህ ጋብቻ አልነበረም፤ ማዕድም አልተጋሩም። በሁለት ወገን መገለላቸው ይህን ጉዳይ ከቤተ እስራኤልና ከደቡቡ የሙያ ማኅበረሰቦች ይለየዋል። ሌሎቹ በአብዛኛው የተገለሉት በአንድ ዋና እምነት ዘንድ ነው። ወይጦን ግን ሁለቱ የማይስማሙ እምነቶች ተስማምተው አገለሉት። በተጨማሪም ለዓባይ የሚቀርብ መሥዋዕት በመካከላቸው እንደነበረ የቴርጄ ኡስቲጋርድና የገደፍ አባዋ ፍሬው የዓባይ ምንጭ የውሃ ሥርዓቶች ጥናት ያወሳል። ከእስልምናው ጋር እንዴት ተዋሐደ የሚለው ገና በጥልቀት አልተመረመረም።

መገለሉን ካስት ብለን መጥራት እንችላለን ወይ የሚለው የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። ዶናልድ ሌቪን በ1974 በታላቋ ኢትዮጵያ መጽሐፉ ቃሉን ተጠቅሞበታል። ሌሎች ግን ቃሉ ከሕንድ መጥቶ የነገሩን ልዩ መልክ ይሸፍናል ይላሉ። የካስት አቋም የመገለሉን ሥርዓትነት ያጎላል፤ በትውልድ የሚተላለፍ፣ ማዕድና ጋብቻ የሚከለክል፣ በርኩሰት የሚገለጽ መሆኑን ያሳያል። ተቃራኒው አቋም ደግሞ ሊለወጥ የሚችል መሆኑን ያስታውሳል። በወይጦ ጉዳይ ሁለተኛው በጣም የሚጠቅም ይመስለኛል። ጋምስት በ1970ዎቹ ባሳተመው ጽሑፍ ከአደን ወደ ገበሬ ኑሮ መዞራቸውን ነበር የተከታተለው። የጉማሬው ቁጥር ቀነሰ፣ አደኑም በሕግ ተከለከለ፣ ወጣቱም ሥጋውን ተወ። ምክንያቱ የተባለው ምግብ ጠፋ። መገለሉ ግን ምክንያቱ ከጠፋ በኋላም ቆየ። ይህ አንድ ነገር ያሳያል፤ ጉማሬው የመገለሉ መግለጫ እንጂ ብቸኛ መሠረቱ አልነበረም። ርስት አልባነቱ ከሥር ነበረ።

ደንገል፣ ታንኳና ዓሣ

ከአደን በኋላ የኑሮ መሠረት ሆኖ የቀረው ደንገልና ዓሣ ነው። ደንገል ታጭዶ ይደርቃል፣ ይታሰራል፣ ታንኳ ይሆናል። ታንኳ ረጅም ዕድሜ የለውም፤ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ በየጊዜው አዲስ ይሠራል። ስለዚህ ደንገሉ ቅርብ መሆን አለበት። ሴቶቹ የስፌት ሥራ ለገበያ ያቀርባሉ፤ የወፍጮ ድንጋይ መጥረብም ከሙያቸው አንዱ ነበር።

በሐይቁ ላይ ዓሣ የማስገር ሥራ እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ ድረስ በአብዛኛው በታንኳ የሚሠራና በወይጦ እጅ ያለ ነበር። ከ1986 ጀምሮ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የልማት ክንፍና በሆላንድ ረዳቶች ትብብር የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ ገባ። የማስገሩ ሥራ ከዳር ወደ መካከለኛው ሐይቅና ወደ ወንዝ አፎች መዞር ጀመረ፤ ገበያውም ወደ አዲስ አበባ ተዘረጋ። በዚሁ ጊዜ የቫገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በጣና ብቻ የሚገኙ ከደርዘን በላይ የነጭ ዓሣ ዝርያዎችን ለይተው ዓለምን አስደነቁ። ደስታው ብዙ አልቆየም። በ1991ና በ2001 መካከል ይህ የዓሣ ክምችት በሦስት አራተኛ ገደማ ቀንሷል የሚል ጥናት ወጣ።

የማን ጥፋት ነው የሚለው እስካሁን አልተዘጋም። አንዱ አቋም ነጭ ዓሣ ለመራባት በክረምት ወደ ጉማራና ወደ ሌሎች ወንዞች ሲወጣ በወንዝ አፍ ላይ በመረብ መያዙን ዋና ምክንያት ያደርጋል። ሌላው የታንኳ አስጋሪዎች በዳር ላይ ጥልፍልፍ መረብ እየዘረጉ ትንንሹን ይፈጃሉ ይላል። በብርብራ ፍሬ ዓሣን ማደንዘዝም ይነሣል። እዚህ ላይ ሊለዩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፤ ዓሣውን የሚጎዳው ዘዴና ዘዴውን የሚጠቀመው ሰው። የወንዝ አፍ መረብ የሚዘረጋው አቅም ያለው ነው፤ ዳር የሚቀዝፈው ግን ሌላ አማራጭ የሌለው ነው። ሁለቱም ላይ እኩል እገዳ ሲጣል ጉዳቱ እኩል አይሆንም። ብዙ የዓሣ ጥናት ስለ ዝርያዎቹ በጥንቃቄ ሲጽፍ ስለ አስጋሪው ይህን ልዩነት ሳይለይ ያልፋል፤ ይህ ሊታረም የሚገባ ጉድለት ነው።

ከተማው፣ ግድቡና እምቦጩ

ባሕር ዳር ከትንሽ የሐይቅ ዳር መንደርነት ወደ ከተማነት የዞረው በአንድ የሰው ዕድሜ ውስጥ ነው። ኢጣሊያውያን ከ1936 በኋላ የአስተዳደር ማዕከል አደረጉት። በ1961 የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ በ1963 ፖሊቴክኒኩ ተከፈቱ። ከ1991 በኋላ የክልል መዲና ሆነ። የዳርቻ ቦታ የሆቴል፣ የመዝናኛና የመኖሪያ ዋጋ ያለው ሆነ። ቀድሞ ማንም የማይፈልገው ረግረግ በከተማው ውስጥ ተፈላጊ ቦታ ሲሆን የወይጦ ሰፈሮች በተለያየ ጊዜ ከውሃው ርቀው እንዲሰፍሩ ተደረገ። ከውሃው መራቅ ለአንድ ሌላ የከተማ ነዋሪ የመንገድ ርቀት ነው፤ ደንገል ተሸክሞ ለሚኖር ሰው ግን ሥራን ማጣት ነው።

ሁለተኛው ግፊት ከውሃው ራሱ መጣ። በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨራጨራ ግድብ በ1996 ሥራ ጀመረ፤ በ2001 በሮቹ ተጨመሩ። ዓላማው ለጢስ ዓባይ የኃይል ማመንጫ ዓመቱን ሙሉ ውሃ ማዳረስ ነበር። በ2003 የሐይቁ ከፍታ እጅግ ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆሙ። ሰፊ የደንገል ቦታ ደረቀ፤ የተገለጠው የሐይቅ ወለል ወዲያው ታረሰ። ከ2010 ጀምሮ ደግሞ የጣና በለስ ማመንጫ ከምዕራብ በኩል ውሃ ይወስዳል። ግድቡ ደንገሉን አጠፋው ወይስ ድርቁ? ወይስ እርሻው? የውሃ ባለሙያዎች ሦስቱንም ይጠቅሳሉ። የ2003ቱ ወቅት የዝናብ እጥረት የነበረበት ነው፤ ግን ውሃው የተለቀቀውም በዚያው ወቅት ነው። ደንገል ቢደርቅ እንኳ ውሃው ሲመለስ ሊያንሠራራ ይችላል። የማይመለሰው ከሥሩ ተነቅሎ የታረሰው ነው። ስለዚህ በእኔ ግምት ግድቡ በሩን ከፈተ፣ ማረሻው ግን ዘጋው።

ከ2011 ወዲህ እምቦጭ የተባለው የውሃ አረም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ተስፋፋ። ታንኳ አያሳልፍም፤ መረብ ይይዛል። በ2015 ጣና በዩኔስኮ የሕይወት ክልል (ባዮስፌር ሪዘርቭ) ተብሎ ተመዘገበ። ምዝገባው ሌላ ክርክር አመጣ፤ ደንገልን ለመጠበቅ ማጨድን መከልከል ይገባል ወይስ አይገባም? የሚቃወሙት የሚሉት ደንገል ታጭዶ መልሶ የሚበቅል ተክል መሆኑን ነው፤ አጫጁ ደንገሉ እንዲኖር ይፈልጋል፣ ገበሬው ግን ቦታውን ይፈልጋል። የሚደግፉት ደግሞ የቀረው ቦታ ጥቂት ስለሆነ የድሮው ልክ ዛሬ ሊያጠፋው ይችላል ይላሉ። ሁለቱም የየራሳቸው እውነት አላቸው። መልሱ በየስፍራው ምን ያህል ደንገል እንደቀረና በየዓመቱ ምን ያህል እንደሚታጨድ በመለካት ይገኛል እንጂ በመርሕ አይደለም።

ስንት ናቸው፣ ምንስ ይባላሉ?

የ1994 ሕዝብና ቤት ቆጠራ ወይጦ ብሎ የመዘገበው 1,631 ሰው ነው። ይህ ቁጥር በብዙ ቦታ እንደ እውነታ ይጠቀሳል። የሚለካው ግን ራሱን ወይጦ ብሎ ያስመዘገበውን ሰው ነው። ስድብ ሆኖ በኖረ ስም ለመንግሥት ቆጣሪ መመዝገብ ቀላል አይደለም። አማርኛ የሚናገር፣ በአማራ ክልል የሚኖር ሰው ራሱን አማራ ብሎ ማስመዝገቡ የሚጠበቅ ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ስለ ሕዝቡ ብዛት የሚነግረውን ያህል ስለ ፍርሃቱ መጠንም ይነግራል።

ጥያቄው ወደ ሕግ ሲመጣ ይበልጥ ይከብዳል። የ1995ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ የሚላቸውን ሲገልጽ ሰፋ ያለ የጋራ ባህል፣ ሊግባቡበት የሚችሉበት የጋራ ቋንቋ፣ የጋራ ወይም የተዛመደ ህልውና፣ የሥነ ልቦና አንድነትና በአብዛኛው በተያያዘ መልክዐ ምድር መኖርን ይጠቅሳል። ለነገደ ወይጦ ሁለቱ ይጎድላሉ። የራሳቸው ቋንቋ ጠፍቷል። መልክዐ ምድራቸውም በሐይቁ ዙሪያ የተበተነ ቀበቶ ነው፤ እሱም በውሃው መጠን የሚሰፋና የሚጠብ። በዚያው ክልል አዊ፣ ዋግ ኽምራና ኦሮሞ የራሳቸውን ዞን፣ አርጎባ ልዩ ወረዳ አግኝተዋል። የቅማንት ጥያቄ ደግሞ ቋንቋው በአብዛኛው ለጠፋበት ማኅበረሰብም ማንነት ሊነሣ እንደሚችል አሳይቷል፤ ከባድ ግጭትም አስከትሏል። ይህ ልምድ ለነገደ ወይጦ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ያሳያል። አንዱ እንደ ብሔረሰብ ለመታወቅ መጠየቅ ነው። ሌላው እንደ ዳርቻ ማኅበረሰብ የመተዳደሪያ መብት መጠየቅ ነው፦ ደንገል የማጨድ፣ ከዳር ዓሣ የማስገር፣ በከተማ ፕላን ከውሃው ሳይርቁ የመኖር መብት። የመጀመሪያው ቋንቋና የተያያዘ መሬት ይጠይቃል፤ ሁለተኛው የሚጠይቀው ሰዎቹ በዳርቻው እንደኖሩ የሚያሳይ ማስረጃ ብቻ ነው፣ እሱም ከብሩስ ዘመን ጀምሮ ካሉት ጽሑፎች ሌላ በመንደር ስም፣ በገዳማት ሰነድና በባሕር ዳር ማዘጋጃ ቤት የካሳና የማስፈሪያ ወረቀቶች ውስጥ ሊፈለግ ይችላል። እነዚህን ምንጮች አንድ ላይ ሰብስቦ የመረመረ ጥናት ግን አሁንም ይቀራል።